ጥቆማ፦ ድሬ ላይ አልጋ ለያዘች እናት አስታማሚ ይቅደም ወይስ ዕቃ?

ጠያቂ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። ስኳርና ግፊትም አለባት። አሁን ከሆስፒታል ወጥታ ሳቢያን እኛ ቤት ናት። እኔና ባለቤቴ ሥራ ነን የምንውለው። ቋሚ አስታማሚ እንቅጠር ወይስ ነርስ እየመጣች ትያት? ዊልቸርና የአየር ፍራሽስ? ያያችሁትን ጠቁሙኝ።

የከዚራ ልጅ፦ እግዜር ይማርልህ። ብሩ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ መጀመሪያ ሰው ላይ አውለው። ነርስ ቁስል ለማጠብ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ለመቀየር አሪፍ ናት። ግን ሠርታ ትሄዳለች፣ ቀኑ ደግሞ ገና ነው። ቋሚ አስታማሚ ቅጠርና ነርሷ አልፎ አልፎ ብቅ ትበል። አስታማሚ ስትመርጥ ወጥ መሥራቷን ተወው። ሰው አንስታ ማስቀመጥ፣ ማገላበጥ ትችላለች ወይ? ነርሷ ባለችበት አሠርተህ በዓይንህ እይ።

በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ካልቀየራችሁ የአልጋ ቁስል ሳታስቡት ይመጣል። ቶሎ የሚጎዳው ከወገብ በታች ያለው አጥንትና ተረከዝ ነው። ሲጀምር የሚወጣው ቅላት በእኛ ቆዳ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳብሱ። ከሌላው ገላ የሞቀ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ካገኛችሁ በዚያ በኩል አታስተኟቸው። ማሸትም የለም፣ ያባብሰዋል።

የአየር ፍራሽ ጥሩ ነው። ግን ፓምፑ በመብራት ነው የሚሠራው፣ የመብራታችንን ነገር ታውቀዋለህ። ለእኔ ወፍራም ስፖንጅና የምታገላብጥ ሰው ይበልጣሉ። ከባታቸው ሥር ትራስ አድርጉና ተረከዛቸው ፍራሹን አይንካ። ዊልቸር ከመግዛትህ በፊት የመታጠቢያ ቤቱን በር ለካ። የማይታጠፈውን ደግሞ ባጃጅ አይጭንልህም።

ነርስ ነኝ፦ አላህ ያሽራቸው። የግፊት መለኪያ ስትገዙ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ውሰዱ፣ የእጅ አንጓው ብዙ ያሳስታል። ደህና በሆነው በቀኝ ክንዳቸው ለኩ።

ሌላው ሙቀቱ ነው። አዛውንት ውሃ ቢጎድላቸውም ጥሙ ቶሎ አይሰማቸውም። ሐኪሙ ፈሳሽ ቀንሱ ካላላችሁ እስኪጠይቁ አትጠብቁ፣ በሰዓት ስጧቸው። ቀና አድርጋችሁ፣ ትንሽ ትንሽ። ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ግን አቁሙና ለሐኪም ንገሩ። ስትሮክ መዋጥንም ያበላሻል።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይግባ፣ ከቀዘቀዘ ወዲያ ይጣላል። መብራት ጠፍቶ ከቆየ ሁለት የሸክላ ዕቃ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጉ፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት በእርጥብ አሸዋ ሙሉትና ኢንሱሊኑን በውስጠኛው አስቀምጡ። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ደህና ያቀዘቅዛል።

የመጋላ ልጅ፦ አቦ፣ ሐረር ዘመድ የላችሁም? ግንቦትና ሰኔን እዚያ ቢያሳልፉ አየሩ ይሻላቸዋል።

ነርስ ነኝ፦ አየሩ እውነት ነው። ግን ክትትላቸው እዚህ ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል ከሆነ በየቀጠሮው የሐረርን መንገድ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ማን ያመላልሳቸዋል? ከሄዱም የሕክምና ወረቀታቸውን ይዘው ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ካርድ ያውጡ። በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ሪፈሩን አስቀድማችሁ አጽፉ፣ አለዚያ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

ጠያቂ፦ ኑሩልኝ። የአየር ፍራሹን ትቼዋለሁ። ሳቢያን አካባቢ ሰው ማንሳት የምትችል አስታማሚ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።