ከአበባ ማሰሮ አፈር የሚነሱ ትናንሽ ጥቁር ትንኞች፦ ከወዴት ይመጣሉ፣ እንዴትስ ይጠፋሉ?

ጥያቄ፦ አዲስ ተካይ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ዘጠኝ የአበባ ማሰሮዎች አሉኝ፤ ፖቶስ፣ ፒስ ሊሊ፣ ሳንሰቬሪያና ከዘር ያበቀልኳቸው ጥቂት ችግኞች ተተክለውባቸዋል። ከሁለት ወር ገደማ ወዲህ ውኃ ለማጠጣት በቀረብኩ ቁጥር ከአፈሩ ላይ ትናንሽ ጥቁር ትንኞች ብድግ ይላሉ። ርቀው አይበሩም፤ ጥቂት ዞር ዞር ብለው ተመልሰው የማሰሮው ጠርዝ ላይ ያርፋሉ፣ አለዚያም አፈሩ ላይ ፈጠን ፈጠን እያሉ ይራመዳሉ። ማታ ደግሞ መብራቱና የኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ይሰበሰባሉ።

እስካሁን ሁለት ነገር ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ የሚረጭ የተባይ ማጥፊያ ነፋሁ፤ ሁለት ቀን ጠፍተው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ከዚያም ኮምጣጤ በብርጭቆ አድርጌ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩበትና አጠገባቸው አስቀመጥኩ፤ አራት አምስቱ ገብተው ሞቱ፣ የቀሩት ግን እንደነበሩ ናቸው። ይባስ ብሎ ከችግኞቹ ሁለቱ አፈራቸው እርጥብ ሆኖ ሳለ ጠውልገው ወደቁ። ትንኞቹ ከወዴት እንደመጡ፣ ተክሉንና ሰውን ይጎዱ እንደሆነ፣ ማሰሮዎቹንም ሳልጥል ምን ማድረግ እንደምችል ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የመስኮት ዳር

ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ያስቸገረዎት የፈንገስ ትንኝ የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ ተክሎች ላይ የሚገኘው ብራዲዢያ የተሰኘው ወገን ነው። እርግጠኛ ለመሆን አንዱን ይያዙና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ቀጭን አካል፣ ረጃጅም እግሮችና ረጃጅም አንቴናዎች ይኖሩታል፣ ክንፉንም ወደ ብርሃን ቢያዞሩት እንደ ባላ እንጨት ለሁለት የሚከፈል ደም ሥር ያያሉ። ዓይኑ ቀይ፣ አካሉም ቡናማና ድብልብል ያለ ከሆነ ግን የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ኮምጣጤው ያልሠራልዎትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የፍራፍሬ ዝንብ የሚሳበው በመፍላት ሽታ ሲሆን፣ የፈንገስ ትንኝ የሚፈልገው እርጥብ አፈርንና በውስጡ የሚያድገውን ፈንገስ ነው።

ዋናው ጉዳይ በዓይን የሚያዩት ትንኝ የችግሩ ትንሹ ክፍል መሆኑ ነው። የጎለመሰው ትንኝ የሚኖረው ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ አይናከስም፣ ተክሉንም አይበላም። ነገር ግን አንዲቷ ሴት በዚህ አጭር ዕድሜዋ በእርጥብ አፈር ስንጥቆች ውስጥ ከመቶ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል፤ የሚወጣው እጭ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲበላ ከቆየ በኋላ፣ ምግብ ወደማይበላበት የመሸጋገሪያ ደረጃ ይገባና ከጥቂት ቀናት በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይነሣል። ቤቱ ሞቅ ያለ ከሆነ ይህ ሁሉ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ያልቃል። እርስዎ አየሩ ላይ መድኃኒት በነፉበት ቀን እንቁላሉም፣ እጩም፣ ሊነሣ የተቃረበውም ከአፈር በታች ምንም ሳይነካው ተቀምጦ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን የተመለሱ የመሰሉዎትም እነዚያው ሳይሆኑ አዲስ የወጡ ናቸው።

እጩ በዋነኛነት የሚመገበው ፈንገስ፣ አልጌና የሚበሰብስ የተክል ቅሪት ነው። ስለዚህ ሥሩ ጠንካራ የሆነ ትልቅ ተክል ጥቂት እጮችን ያለ ችግር ይሸከማል። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን ወደ ሥር ፀጉሮችና ወደ ለስላሳ ሥሮች ይዞራሉ፤ ሥር አበስባሽ በሽታም ከአንዱ ማሰሮ ወደ ሌላው ሊያዛምቱ ይችላሉ። ችግኞችዎ በእርጥብ አፈር ውስጥ የጠወለጉት ምናልባት በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሥር ያጣ ችግኝ አፈሩ እርጥብ ቢሆንም መጠጣት አይችልምና። ይሁን እንጂ የውኃ ብዛት ብቻውን ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ ከወደቁት አንዱን ነቅለው ሥሩን ቢመለከቱ ጥሩ ነው።

ከማንኛውም መድኃኒት በፊት አንድ ምርመራ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ጥሬ ድንች ልጠው አንድ ሴንቲሜትር በሚያህል ውፍረት ይቁረጡና በየማሰሮው አፈር ላይ አንዳንድ ቁራጭ ጫን አድርገው ያስቀምጡ። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ፤ እጮች ካሉ እርጥበቱንና ምግቡን ፈልገው ወደዚያ ይሰበሰባሉ። አካላቸው ውስጡ የሚታይ ነጭ ክር ይመስላል፣ ራሳቸው ግን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነጥብ ነው። በዚህ መንገድ የትኛው ማሰሮ እንደተበከለ ያውቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሁሉም ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ማሰሮ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

መልስ፦ ቅጠል ጠባቂ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ስለ ውኃው ግን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። እኔ ለአንድ ዓመት ያህል ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት እየቀያየርኩ ከዚህ ትንኝ ጋር ስታገል የኖርኩት፣ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ለተክሉ ጥሩ መስሎኝ ስለነበር ነው። እንቁላሉም እጩም በብዛት የሚገኙት ከላይ ባለው አምስት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ነው። ይህ ክፍል ሲደርቅ እንቁላሉም ትንሹም እጭ ይደርቃል፣ ሴቷም እንቁላል መጣል የምትመርጥበትን ቦታ ታጣለች። እንግዲህ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገብተው እርጥበት እስካልጠፋ ድረስ አያጠጡ፤ ባጠጡ ጊዜ ግን ከሥር እስኪንጠፈጠፍ በደንብ ያጠጡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሥሩ ሳህን ላይ የቀረውን ይድፉ። ሳንሰቬሪያ ከዚህም የበለጠ ድርቀት ስለሚወድ እርሱን ጨርሶ ቢረሱት አይከፋውም። ፒስ ሊሊ ግን ሲጠማ ቅጠሉን ስለሚጥል ለእርሱ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር መድረቁ ይበቃዋል።

ቢጫው ወረቀት ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ቢጫ ቀለም ስለሚስባቸው እንቁላል ሳይጥሉ የሚያዙ ይኖራሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን መቁጠሪያ መሆኑ ነው። ከአፈሩ ጥቂት ከፍ አድርገው ይትከሉት፣ በየሳምንቱ የተያዙትን ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ከወረደ መንገድዎ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ብርሃን ፈላጊ

በዚሁ አጋጣሚ እኔም ልጠይቅ። አንዳንዶች አፈሩን በአሸዋ መሸፈን ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ወይም ቀረፋ ይመክራሉ። ከእነዚህ የሚሠራው የትኛው ነው?

መልስ፦ የመስኮት ዳር

በቀረፋ ላይ እምነት የለኝም፤ አፈሩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ዱቄቱ እጩ ያለበት ጥልቀት አይደርስም። ባለ 3 በመቶው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አንዱ እጅ በአራት እጅ ውኃ ተበርዞ ሲፈስ ያገኘውን እጭ ይገድላል፤ ነገር ግን ወዲያው ወደ ውኃና ኦክስጅን ስለሚለወጥ ነገ የሚፈለፈለውን አይነካም፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ጥቃቅን ተሕዋስያንም አብሮ ይጎዳል። እኔ የምጠቀምበት በጣም የተበከለ ማሰሮ ሲገጥመኝ ብቻ ነው። ደረቅና ሻካራ አሸዋ በአንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ሲነጠፍ ይረዳል፤ ሆኖም አፈሩ መድረቁን በዓይን ማየት ያስቸግራል፣ ትንኞቹም በማሰሮው የታችኛው ቀዳዳ በኩል መግባትና መውጣት ስለሚችሉ፣ ያንን ቀዳዳ በደቃቅ ወንፊት ካልሸፈኑት ልፋቱ ግማሽ ይሆናል።

መግዛት ለሚችል ሰው የምመርጥለት ቢቲአይ የሚባለውን ነው። ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤለንሲስ ሲሆን፣ በ1976 በኔጌቭ በረሃ የተገኘ ባክቴሪያ ነው፤ የወባ ትንኝን ጨምሮ የተለያዩ ትንኞችን እጭ ለማጥፋትም ይውላል። እጩ ሲበላው ባክቴሪያው የያዘው የፕሮቲን ክሪስታል በአልካላይ አንጀቱ ውስጥ ይሟሟና የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳሳል። የሰው ሆድ አሲዳማ ስለሆነና አንጀታችንም ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ነገር ስለሌለው እኛን አይጎዳም። ነገር ግን መበላት ስላለበት በራሪውን ትንኝ፣ እንቁላሉንም ሆነ መብላት ያቆመውን አይነካም፤ አፈር ውስጥም ለረጅም ጊዜ አይቆይም። ስለዚህ በየሳምንቱ በማጠጫው ውኃ ዘፍዝፎ ቢያንስ ለአራት ሳምንት መስጠት ያስፈልጋል። ሰዎች «አልሠራልኝም» የሚሉት አንድ ጊዜ ሰጥተው ሲያቆሙ ነው።

ጠያቂው፦ አዲስ ተካይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንቹን በዘጠኙም ማሰሮዎች ላይ አስቀምጬ በአራተኛው ቀን ገለበጥኩት። ስድስቱ ንጹሕ ናቸው። በፒስ ሊሊውና በሁለቱ የችግኝ ማሰሮዎች ግን ልክ እንዳላችሁት ራሳቸው ጥቁር የሆነ ነጫጭ ክሮች ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ በአፈሩ ገጽ ላይም እንደ ሸረሪት ድር የሚያብረቀርቅ ቀጭን ፈለግ ነበር። የወደቀውን ችግኝ ስነቅለው ሥሩ ከጥቂት ቡናማ ጭራሮ በስተቀር የለም። የፒስ ሊሊው ሳህንም ውኃ እንደያዘ ነበር፤ ለካ ከሥሩ ሳህኑን ደፍቼ አላውቅም። ችግኞቹን ወደ አዲስ አፈር ባዛውራቸው ይሻላል ወይ?

መልስ፦ ቅጠል ጠባቂ

የተረፉት ችግኞች ጥቂት ከሆኑ አዎ፤ ሥራቸውን በለብታ ውኃ ቀስ ብለው አጥበው ያዛውሯቸው፤ አሮጌውን አፈር በከረጢት አስረው ያስወግዱ፣ ማሰሮውንም በሳሙና ይጠቡ። አዲሱን አፈር ግን አስቀድመው ይመርምሩት፤ ከረጢቱ ተከፍቶ እርጥበት ባለው ቦታ የቆየ፣ በተለይም ብስባሽ የበዛበት አፈር ራሱ እጭ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለመትከል ያሰቡበትን አፈር በጥቂቱ በዕቃ አድርገው ያርጥቡትና ድንች አስቀምጠውበት ለጥቂት ቀን ይጠብቁ። ፒስ ሊሊውን ግን አይንቀሉት፤ ሳህኑን ባዶ ያድርጉ፣ ከላይ ያለው አፈር እስኪደርቅ ይታገሡ፣ ወረቀቱን ይትከሉ። ለአንድ ወር ያህል የድንቹን ምርመራ በየሳምንቱ ይድገሙት፤ ንጹሕ የነበሩትን ስድስቱንም ጭምር ይመልከቱ፤ ያኔ ያልታየ እንቁላል በውስጣቸው ሊኖር ይችላልና።