ጤና ባለሙያውን ከሥራው የሚያስወጣው ወረርሽኙ ነው ወይስ አያያዙ?

ጥያቄ፦ ጤና መኮንን፣ ከመንዝ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሰሜን ሸዋ ደጋ ውስጥ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አገለግላለሁ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ኢቦላን የሚመስለው የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ከተገለጸ ወዲህ በባልደረቦቼ መካከል የኮቪድ ዘመን ጨዋታ እንደገና ተነሥቷል፤ «እንደዚያን ጊዜው ከሆነ እኔ አልቆይም» የሚሉም አልጠፉም። ኮቪድ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት ነርሶችና አዋላጆች ብዙዎቹ ሥራ ቀይረዋል፤ ሙያውን ጨርሰው የተዉም አሉ። ሰዎቹን ያስወጣቸው የበሽታው ፍርሃት ነው ወይስ በዚያ ጊዜ የተያዙበት ሁኔታ? እንደ እኛ ያለ ትንሽ ጤና ጣቢያስ ከወዲሁ ምን ቢያዘጋጅ ይሻላል?

መልስ፦ ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን

የበሽታው ጉዳት ራሱ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ድረስ በኮቪድ ሕይወታቸውን ያጡ የጤና ሠራተኞች ከ80,000 እስከ 180,000 እንደሚደርሱ ገምቷል። ከዚያ በፊት በምዕራብ አፍሪካ በተነሣው የኢቦላ ወረርሽኝ ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ 8 በመቶ ያህሉን አጥታለች። በእኛም አገር በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞች መካከል የሞቱ ነበሩ። ባለሙያ ድሮውንም በማይበቃበት አገር አንዲት አዋላጅ ስትጎድል የአካባቢው እናቶች ሁሉ ይጎዳሉ።

ሆኖም እኔ በቅርብ ያየኋቸውን ሰዎች ያስመረራቸው ከሞት ፍርሃት ይልቅ የሥራው አደላደል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ባለሙያ ሲያዝ አብረውት ያደሩት ሁሉ ለ14 ቀናት ወደ ለይቶ ማቆያ ስለሚገቡ፣ የቀሩት ጥቂቶች የእነርሱን ተረኝነት ደርበው ይሸፍኑ ነበር። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ግን ለወራት ይዘገያል፤ ሲጠየቅም «በጀት አልተለቀቀም» ከሚል መልስ በቀር የሚገኝ አልነበረም። ጭምብሉ ከማለቁ የተነሣ አንዱን ለቀናት የምናደርግበት ጊዜ ነበር፤ ክሩ ሲበጠስ በፕላስተር እናያይዘዋለን። በደብረ ብርሃን ውርጭ ከሌሊት ሥራ የተመለሱ እናቶች ልጆቻቸው ሳይነሡ ልብሳቸውን ደጅ አውልቀው በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ ነበር። አከራይዋ «ሌላ ቤት ፈልጊ» ያለቻት ባልደረባዬም ነበረች። ክትባቱ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ለጤና ባለሙያዎች ቅድሚያ ተሰጥቶ ሲጀመር እኛ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ክትባት ስንሠራ ቆይተናል፤ ይህን ሁሉ ችሎ የቆየ ሰው ቢያንስ የሠራበት ሊከፈለው ይገባ ነበር።

መልስ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ

እህቴ ስለ ሆስፒታሉ የጻፈችው እውነት ነው፤ የቆላውንና የቀበሌውን ሥራ ግን ልጨምርበት። በእኛ አካባቢ ወባ ስላለ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁልጊዜም ይመጣል። በኮቪድ ጊዜ ግን የወባ ደም ምርመራ ለማድረግ እንኳ ትኩሳተኛውን ሁሉ በኮቪድ እንደተጠረጠረ ሰው መቀበል ነበረብን፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ በቂ ጓንትና ጭምብል ሳይኖረን ነው። የክትባት፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትልና የቤት ለቤት ጉብኝት ሥራችን ሳይቀነስልን የኮቪድ ልየታና ትምህርት ተደረበብን። አንዳንድ ቤት ደግሞ «በሽታውን ይዘሽብን መጣሽ» እየተባልን በራፍ ላይ እንመለስ ነበር። ለዓመታት ልጆቻቸውን የከተብኩላቸው ሰዎች እንዲህ ሲሉኝ ከድካሙ ይልቅ ይህ ከብዶኛል። የቀበሌው ሽማግሌዎችና የእድር ዳኞች አብረውን መዞር ሲጀምሩ ነገሩ ረገበ፤ ስለዚህ ዝግጅት ሲታሰብ እነርሱ ከመጀመሪያው ቀን ቢገቡበት ይበጃል እላለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ የጤና ጽሕፈት ቤት ባልደረባ

የሁለታችሁንም ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የባለሙያውን ፍልሰት በሙሉ በወረርሽኙ ላይ ብንጭነው ልክ አይሆንም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲዘልቅ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ባለሙያውም እንደ ሕዝቡ ተፈናቅሏል። የኑሮ ውድነቱም አለ። ወረርሽኙ ያገኘው ቀድሞ የተዳከመ ሰው ነው፤ ካለፈም በኋላ እረፍት አልመጣለትም።

ለጠያቂው ግን አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ባለሙያ ሲገለል ማን እንደሚተካው፣ የተተካውም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ አሁኑኑ በጽሑፍ ይወሰን፤ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ሰሚ አያገኝም።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የክፍያውን ጉዳይ በሚቀጥለው የሠራተኞች ስብሰባ ላይ አነሣለሁ፤ ቃለ ጉባኤውም ለወረዳው እንዲላክ እጠይቃለሁ። ከቀበሌ የእድር ዳኞች ጋር የመነጋገሩን ነገር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አስረድቻለሁ፤ እነርሱም ተስማምተውበታል። ተረኛ የሚያድርበት የተለየ ክፍልና መታጠቢያ ግን የለንም። በጤና ጣቢያ ደረጃ ይህን ያሟላ ካለ እንዴት እንዳደረገው ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።