ሀሁን በቃሉ ይወጣዋል፣ ማንበብ ግን የለም

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንደኛ ክፍል የገባ የሰባት ዓመት ልጅ ከሀ እስከ ፐ ሳያቋርጥ ይወጣዋል። «ኒ የቷ ናት?» ሲባል ግን «ነ ኑ ኒ» ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። «ላም»ን ደግሞ «ላ-ምእ» ይላታል። ከሰዓት ቁርአን ይቀራል፤ ሁለት ፊደል ባንዴ ከብዶት ይሆን?

መምህር (ወልድያ)፦
አብሽር ወንድሜ። ልጁ የያዘው ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥረው ወዶ አይደለም፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ሲሰበር ዜማው አያግዝም፣ ዓይን ብቻ ይቀራል።

33ቱን በሰባት አባዝቶ 231 ፊደል ባንዴ መጫን ይቅር። ስድስት ቤት ያዝ፦ ለ መ በ ተ ነ አ። ከየቤቱ ግዕዙን፣ ራብዑንና ሳድሱን ብቻ (አንደኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው፦ ለ ላ ል)። ኣ ከአ በድምፅ ስለማትለይ ተዋት፤ 17 ይቀራሉ። በካርቶን ቁራጭ ላይ አንዳንድ ጻፋቸው። ላም፣ በላ፣ ማታ፣ አባት፣ እናት፣ አለ ከነዚሁ ይወጣሉ። በቀን ሁለት አዲስ ካርድ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። በውዘህ አሥር ስታሳየው ዘጠኙን ሳይቆጥር ካልጠራ አዲስ አትጨምር።

«ላ-ምእ» የአስተማሪ ጥፋት ነው፤ ም ለብቻዋ «ምእ» እየተባለች ተጠርታ ነው። ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው፦ «ምን» ላይ ም ትንሽ ትከፈታለች፣ «ላም» ላይ ግን ድርቅ ትላለች። «ላ»ን ሳብ አድርገህ ሳትተነፍስ ከንፈርህን ግጠም፤ እሱም አፍህን እያየ ይከተልህ።

እታለም (ኮምቦልቻ)፦
መምህር የቅርጹን ነገር ዘለሉት። የካዕብ ቅጥያ ቀኝ ወገብ ላይ ነው (ሉ ቡ ቱ)፣ የሳልስ ቀኝ እግር ሥር (ሊ ቢ ቲ)፣ ኃምስ እዚያው እግር ላይ ቀለበት ያስራል (ሌ ቤ ቴ)። ይህን የለየ ልጅ ያልተማረውን ቤት ራሱ ይገምታል። ሩና ሪ፣ ፉና ፊ ያፈነግጣሉ። ሳድስማ ሕግም የለው፣ ለየብቻው ይጠና። ነና ኘን፣ ተና ቸን በአንድ ሳምንት አታስገባቸው፤ ሐና ኀም ሀ እስኪጠና ይቆዩ።

ቁርአኑን አታስቀርበት። አረብኛ ከቀኝ ስለሚነሳ «ላም»ን «ምላ» ካለ፣ በየመስመሩ ግራ ጫፍ ነጥብ አድርግና በስንደዶ እየጠቆመ ከነጥቡ ይነሳ።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ። መምህር፣ «ገና»ንስ እንዴት ያንብበው?

መምህር፦
መጥበቅና መላላት በጽሑፋችን አይታይም። «ገና አልመጣም» እና «የገና ጨዋታ» ብለህ በዓረፍተ ነገር ስጠው፣ ሁለቱንም ይሞክርና የሚስማማውን ይምረጥ። ለብቻው ጽፈህ እንዳትጠይቀው፤ እሱን አዋቂም አይመልሰው።