ኮዱ ተኝቷል፤ ባትሪው ግን ሁለት ቀን አይሞላም

ንብ ወዳድ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ቀፎ ንብ አለኝ። እጭና ሙሽሬ ባለበት ቦታ ንቦች ሙቀቱን 34 እና 35 ዲግሪ አካባቢ አድርገው ይይዙታል፤ ከዚያ እየወረደ ከሄደ ቀፎው ውስጥ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። ሳልከፍት ይህን ለማወቅ ብዬ አርዱይኖ ኡኖ በሚባለው ትንሽ የመማሪያ ቦርድ ለክቶ በሬዲዮ የሚልክ አንድ ገመድ አልባ ኖድ ሠራሁ። ሴንሰሩ ሙቀትና እርጥበት የሚለካው ዲኤችቲ22፣ ሬዲዮው ትንሹ ኤንአርኤፍ24፣ ኃይሉ አራት የኤኤ ድንጋይ ነው። በየ10 ደቂቃው ይለካል፣ ይልካል፣ ይተኛል።

መጀመሪያ በ«ዲሌይ» (ቺፑ ሳይተኛ ዝም ብሎ በሚጠብቅበት ትዕዛዝ) ነበር የማስጠብቀው፤ አንድ ቀን ተኩል ሄዶ ቆመ። ከዚያ «ማይክሮኮንትሮለሩን (ኮዱን የሚያስኬደውን ዋና ቺፕ) አስተኚው» ስባል የእንቅልፍ ላይብረሪ፣ ማለትም ለዚህ የተዘጋጀ ኮድ፣ አስገባሁ። እሱም ሁለት ቀን ሊሞላ ሲል ቆመ። በቴስተር ብለካው ነቅቶ ሳለ 46 ሚሊአምፔር ይስባል፤ ተኝቷል በሚባልበት ሰዓት ደግሞ 34። ታዲያ ምኑ ነው የተኛው?

የሚያሳስበኝ የድንጋዩ ወጪ አይደለም። ድንጋይ ለመቀየር በከፈትኩ ቁጥር ጭስ መንፋት አለብኝ፤ ንቦቹ ይረበሻሉ፤ ደክመው ያሞቁት ቤታቸው ይቀዘቅዛል። እነሱን ላለመንካት ብዬ ነበር ይህን ሁሉ የጀመርኩት።

ሌላም አለ። በሳምንቱ ዲኤችቲ22ን ሳየው ንቦቹ ከዛፍ በሚያመጡት ሙጫ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፍነዋቸዋል። ለዚህስ ምን ይሻላል?

ሙሉ ቻርጅ፦

ለስልክ የሚሆን ፓወር ባንክ ስኪበት፤ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ቢያንስ ሳምንት ትገላገያለሽ። ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

የድሮ ጠጋኝ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ፓወር ባንኩ ልናገር። ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን «የተሰካብኝ ዕቃ የለም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ኖድሽ በደንብ መተኛት በቻለበት ቀን ፓወር ባንኩ ይጠፋብሻል። ደግሞም የሚፈስ በርሜል በትልቅ በርሜል አይጠገንም፤ ቀዳዳውን እንፈልግ።

ያ 34 ሚሊአምፔር ከኮድሽ የመጣ አይደለም። ማይክሮኮንትሮለሩ በእርግጥ ተኝቷል፤ ያልተኛው ቦርዱ ነው። ኡኖ ላይ ከዋናው አትሜጋ328ፒ ሌላ ለዩኤስቢ ብቻ የተቀመጠ ሁለተኛ ቺፕ አለ፤ አትሜጋ16ዩ2 ይባላል። ኮምፒውተር ኖረም አልኖረም ይሠራል፤ ያንቺ የእንቅልፍ ትዕዛዝ እሱ ዘንድ አይደርስም። «ኦን» የሚለው መብራት ሌት ተቀን ይበራል። ቮልቱን የሚያስተካክለው ሬጉሌተርም ለራሱ ይወስዳል። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ቪኢን በሚባለው የኃይል መግቢያ 6 ቮልት ስታስገቢ እሱ አንድ ቮልት ያህል ያስቀራል፣ ስለዚህ ድንጋዮቹ ትንሽ ሲደክሙ የ5 ቮልቱ መስመር አብሮ ይወርዳል። አልቀዋል ብለሽ ያወጣሻቸውን ድንጋዮች ለኪያቸው እስቲ፤ ብዙ ጉልበት ሳይቀራቸው አይቀርም።

አሁን ቁጥሩን አስተያዪው። አትሜጋ328ፒ ብቻውን በ3 ቮልት፣ በጥልቁ እንቅልፍ፣ ቀስቃሹ ዋችዶግ ሰዓት እየሠራ፣ 4 ማይክሮአምፔር ያህል ነው የሚጠጣው። ያንቺ ቦርድ 34,000 ማይክሮአምፔር ይጠጣል። ስምንት ሺህ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ምንም ዓይነት ኮድ አይሞላውም።

ስለዚህ ኡኖውን ለሙከራ አስቀምጪውና ለቀፎው ፕሮ ሚኒ ውሰጂ፤ የ3.3 ቮልቱን፣ በ8 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን። ቺፑ ያው ነው፣ ኮድሽ ያለ ብዙ ለውጥ ይሄዳል፤ የዩኤስቢ ቺፕ ግን የለበትም፣ ፕሮግራም የምትጭኚው በተለየ መቀየሪያ ነው። እሱም ላይ ሁለት ነገር ይቀራል። የኃይል መብራቱን ከነረዚስተሩ በካውያ አንሺ። ሬጉሌተሩንም እግሮቹን በቀጭን መቁረጫ ቆርጠሽ አውጪው። በእሱ ፋንታ ኤምሲፒ1700 የሚባለውን ባለ 3.3 ቮልት ሬጉሌተር ከውጭ አድርጊ፤ ለራሱ የሚወስደው 1.6 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። በመግቢያውም በመውጫውም ባለ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይፈልጋል። ከመግቢያው ሦስት የኤኤ ድንጋይ፣ ከመውጫው ወደ ቪሲሲ፣ ማለትም ወደ ቦርዱ የኃይል እግር። አራት አታድርጊ፤ አዲስ ድንጋይ ከ1.5 ቮልት በላይ ስለሚሰጥ አራቱ ሲደመሩ ሬጉሌተሩ ከሚችለው 6 ቮልት ያልፋሉ።

ሁለት ድንጋይ በቀጥታ አስገብተው የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ለቺፑም ለሬዲዮውም ይበቃል። ሴንሰርሽን ግን አስቢ። ለሙጫው መፍትሔ የሚሆንሽ ዲኤስ18ቢ20 ነው፤ በብረት ቱቦ ታሽጎ ከነገመዱ የሚመጣውን ማለቴ ነው፤ ንቦቹ ሙጫ ቢቀቡትም ሙቀቱን ማንበቡን አይተውም። እሱ ደግሞ ከ3 ቮልት በታች አይታመንም። ሁለት ድንጋይ ትንሽ እንደሠሩ ከ3 በታች ይወርዳሉ፤ ሦስቱ ግን እያንዳንዳቸው 1 ቮልት ገደማ እስኪደርሱ ያገለግሉሻል፤ ያን ጊዜ በውስጣቸው የቀረ ነገር ብዙም የለም። እርጥበቱን ተይው፤ ቀዳዳ ያለው ሴንሰር እነሱ ዘንድ አይኖርም።

ወደ ኮዱ ስንመጣ፣ ከመተኛትሽ በፊት ቮልት የሚለካውን የቺፑን ክፍል፣ ኤዲሲውን፣ ማጥፋት አትርሺ፤ ቺፑ ተኝቶም እሱ ብቻውን ሊጠጣ ይችላል። የቮልት መውረድ ጠባቂውንም በእንቅልፍ ጊዜ አጥፊው። ሬዲዮውን በትዕዛዝ ካላስተኛሽው እሱም ነቅቶ ይቆያል፤ ሲተኛ ግን ከ1 ማይክሮአምፔር በታች ነው። ዋችዶጉ ቢበዛ 8 ሴኮንድ ነው የሚያስተኛው፤ 75 ጊዜ ብትደጋግሚው 10 ደቂቃ ይሆናል። ሰዓቱ ትክክለኛ ስላልሆነ ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል፤ የልኬቱን ሰዓት ተቀባዩ ጋ መዝግቢ።

ዲኤስ18ቢ20 በሙሉ ጥራት አንዴ ለመለካት 750 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። ላይብረሪው ያን ሁሉ ጊዜ ቺፑን አንቅቶ ነው የሚጠብቀው፤ ያንን ቅንብር አጥፊና «ለካ» ብለሽ አዝዘሽው አንቺም ተኚ። በየ10 ደቂቃው ለሚለካ ይህ ብዙ ለውጥ የለውም፤ በየ10 ሴኮንዱ ለሚለካ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የቆየ ሕመም ልጨምር። ኤንአርኤፍ24 «አንዳንዴ ይልካል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» እያለ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። ከአስር ስምንቱ ጊዜ እኔ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው፦ ሬዲዮው ሲልክ ድንገት 11 ሚሊአምፔር ስለሚስብ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልቱ ለቅጽበት ይወድቃል። የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በሬዲዮው በራሱ የቪሲሲና የግራውንድ እግር ላይ በይጂ። ቦርዱ ጋ አይደለም፤ እግሩ ላይ፣ ሽቦው በተቻለ መጠን አጥሮ።

ሁሉም ከተስተካከለ ሲተኛ 8 ወይም 9 ማይክሮአምፔር ይሆናል። መንቃቱና መላኩ በ10 ደቂቃ ሲካፈል 2 ማይክሮአምፔር እንኳ አይሞላም። በዚህ ሒሳብ 2,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ድንጋይ ከ20 ዓመት በላይ ይሄዳል የሚል ውጤት ይመጣል፤ ይህንን አትመኚው፣ ድንጋዩ በዕድሜ ብቻ ከዚያ ቀድሞ ይሞታል። ለጥቂት ዓመት ግን ቀፎውን ለድንጋይ ብለሽ አትከፍቺም።

ዋይፋይ ይሻላል፦

ለምን ኢኤስፒ8266 አትጠቀሚም? ዋይፋዩ ውስጡ ነው፣ የተለየ ተቀባይም አያስፈልግሽም። ሲተኛ 20 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው።

የድሮ ጠጋኝ፦

20 የሚለው ለቺፑ ነው፤ መማሪያ ቦርዱ ላይ ያለው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ብቻውን 5 ሚሊአምፔር ያህል ለራሱ ይወስዳል። ያንን አንስተን ባዶ ቺፑን ብንወስድ እንኳ፣ ከዋይፋይ ጋር ለመገናኘት 3 ሴኮንድ ፈጅቶ በአማካይ 80 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ በየ10 ደቂቃው ሲሆን አማካዩ 0.4 ሚሊአምፔር ይደርሳል። በዚያው ድንጋይ ስድስት ወር ተኩል ገደማ ነው። ኮረንቲ ቅርብ ለሆነለት ወይም በሰዓት አንዴ ለሚልክ ጥሩ ነው፤ እኔም ቤት ውስጥ እጠቀምበታለሁ። ለቀፎ ግን አልመርጠውም። የሚሞክር ካለ ጂፒአይኦ16 የሚባለውን እግር ከሪሴት እግሩ ጋር ያገናኝ፤ አለበለዚያ አንዴ ከተኛ አይነሳም።

ንብ ወዳድ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጣልኳቸውን ድንጋዮች ለካኋቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.3 ቮልት አላቸው። አሁን በግድግዳ ሰዓት ውስጥ ናቸው።

ፕሮ ሚኒውን ሠራሁት፣ እንዳሉኝ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ስለካው 1.6 ሚሊአምፔር ነበር፤ መብራቱን ማንሳት ፈርቼ ትቼው ነበር። አነሳሁት፤ ወደ 200 ምናምን ማይክሮአምፔር ወረደ። ኤዲሲውን ማጥፊያውን መስመር ከእንቅልፉ ትዕዛዝ በኋላ ነበር የጻፍኩት፤ ወደ ፊት ሳመጣው ቴስተሩ 9 ላይ ቆመ። ቁጥሩን ሳየው እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። ቴስተሩን ማይክሮአምፔር ላይ አድርጌ ስለካ፣ ኖዱ ለመላክ ሲነቃ ጠፍቶ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ያለ ቴስተሩ ደህና ነው። ሁለተኛ፣ ኃይል ለመቆጠብ ብዬ ሴንሰሩን ከቦርዱ አንድ እግር ላይ ነው ኃይል የምሰጠው፤ አሁን ሁልጊዜ 85 ዲግሪ ይልክልኛል። ጠረጴዛዬ ላይ!

የድሮ ጠጋኝ፦

85 የሙቀት ልኬት አይደለም። ዲኤስ18ቢ20 ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ምንም ሳይለካ፣ ማስታወሻው ውስጥ የሚገኘው ቁጥር ነው። ሳይጨርስ አንብበሽዋል ማለት ነው። ዋችዶጉን ግማሽ ሴኮንድ ላይ አድርገሽው ይሆናል፤ 1 ሴኮንድ አድርጊው። ወደ ውሂብ ሽቦው የሚሄደውን የ4.7 ኪሎኦም ረዚስተር ደግሞ ከዚያው ኃይል ከምትሰጪበት እግር ጋር አገናኚው፤ ከ3.3 ቮልት ጋር ከሆነ ያጠፋሽው ሴንሰር በውሂብ ሽቦው በኩል ይጠጣል። ለነገሩ ይህ ሴንሰር ሥራ ሲፈታ ከ1 ማይክሮአምፔር አይበልጥም፤ በቀጥታ ኃይል ብትሰጪውም አይከፋም።

ቴስተሩ የሚያጠፋው፣ በማይክሮአምፔር መስመሩ ውስጥ ትልቅ ረዚስተር ስላለ ነው። ኖዱ ተኝቶ ሳለ አይሰማም፤ ነቅቶ 15 ሚሊአምፔር ሲፈልግ ግን ቮልቱ በሙሉ ረዚስተሩ ላይ ይቀራል። በቴስተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ማብሪያ ማጥፊያ አድርጊ። ሲነቃ ዝጊው፣ ኃይሉ በእሱ ያልፋል፤ ሲተኛ ክፈቺውና አንብቢ።

ቀፎው ላይ ስታስቀምጪው ሬዲዮውን ከውጭ ግድግዳ ላይ አድርጊ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው የሴንሰሩ ገመድ ብቻ ይሁን። በማር የተሞላ እንጀራ ውሃ አለበት፣ ንቦቹም ራሳቸው ውሃ ናቸው፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ይህን አይወድም። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ዝቅ አድርጊው።

ንብ ወዳድ፦

ግማሽ ሴኮንድ ነበር፣ ልክ ነዎት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል አስቀድሜ እንዴት ልወቅ? ከሬጉሌተሩ በኋላ ሁልጊዜ 3.3 ነው የሚያሳየኝ። ሁለት የ100 ኪሎኦም ረዚስተር አድርጌ ከድንጋዩ ላይ ልካፈል?

የድሮ ጠጋኝ፦

ሐሳቡ ልክ ነው፣ ረዚስተሮቹ ግን ትንሽ ናቸው። 4.8 ቮልት በ200 ኪሎኦም ላይ 24 ማይክሮአምፔር ነው፤ ከኖዱ ሁሉ በላይ ይጠጣሉ። ሁለት የ1 ሜጋኦም አድርጊ፣ 2.4 ይሆናል። ኤዲሲው ከእንዲህ ዓይነት ትልቅ ረዚስተር በደንብ ስለማያነብ ከመካከላቸው ወደ ግራውንድ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በይጂ። ሁለት ቀን ከላክሽ በኋላ ክዳኑን ዝጊ።

ንብ ወዳድ፦

ከዘጋሁት አምስት ሳምንት ሆነ። ስጀምር ድንጋዩ 4.78 ቮልት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት 4.74። የቀፎው መሐል 34.6 ዲግሪ። ለሁለተኛው ቀፎ ሌላ ፕሮ ሚኒ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ በዚህኛው መብራቱን ለማንሳት አልፈራሁም።