እውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት በአንድ ክፍለ ጊዜ፦ የ7ኛ ክፍል የማጥለል ትምህርት

ጠመኔ፦
ሰላም መምህራን። ባሕር ዳር፣ 7ኛ ክፍል፣ 54 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ። ርዕሱ ድብልቅን በማጥለል መለየት ሲሆን የጣናን ድፍርስ ውሃ ልጠቀም አስቤአለሁ። ዕቅዱ ላይ ሦስቱም የትምህርት ዘርፎች (እውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት) መታየት አለባቸው። «የንጹህ ውሃን ጥቅም ያደንቃሉ» ብዬ የጻፍኩት በምን ይመዘናል?

የላብ ቁልፍ፦
መምህር፣ በምንም አይመዘንም፤ ይሰርዙት። በምትኩ «የተረፈውን ውሃና አሸዋ ሳይነገራቸው ወደ ተዘጋጀው ባልዲ ይመልሳሉ» ይበሉ። ይህ በዓይን ይታያል። የትምህርት ምሁሩ ክራትዎልና ባልደረቦቹ በ1964 (እ.ኤ.አ.) የአመለካከቱን ዘርፍ በአምስት ደረጃ ከፍለውታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ መቀበልና ምላሽ መስጠት፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይደረስባቸዋል፤ ሦስተኛው፣ ዋጋ መስጠት፣ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ማርክ አይስጡበት፤ ማርክ ካለው ልጆቹ ለማርኩ ሲሉ ያስመስላሉ።

ለእያንዳንዱ ዘርፍ የተለየ ተግባር አያዘጋጁ፣ 40 ደቂቃው አይበቃም። ሥራው አንድ ይሁን፦ ታችኛው የተቆረጠ የ1 ሊትር ሃይላንድ ተገልብጦ፣ አፉ ላይ ጥጥ፣ በላዩ 3 ሳንቲሜትር የተፈጨ ከሰል፣ 5 ሳንቲሜትር ደቃቅ አሸዋ፣ 3 ሳንቲሜትር ጠጠር። ጠርሙሱን ቀድመው እርስዎ ይቁረጡ፣ ምላጭ ለልጅ አይሰጥም። ለአንድ ቡድን ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃል። በአንዴ ከደፉት አሸዋውን ሰርስሮ ያልፍና ደፍርሶ ይወጣል፤ ስለዚህ የክህሎቱ መመዘኛ ዋናው ነጥብ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው።

ለእውቀቱ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አንድ ጥያቄ፦ «ስኳር የሟሟበት ውሃ በዚህ ቢያልፍ ስኳሩ ይቀራል? ለምን?» የማጥለልን ትርጉም በቃል የሸመደደ እዚህ ላይ ይለያል።

ጊዮን ዳር፦
በሐሳቡ እስማማለሁ፣ ግን ስድስት ስድስት ቢሆኑ ዘጠኝ ቡድን ነው፤ ዘጠኙንም በአንድ ጊዜ መመዘን የወረቀት ወሬ ነው። ሦስት ቡድን ብቻ መርጠው በአዎ/አይ ቅጽ ይመዝኑ፣ የቀሩት በሌሎች የተግባር ትምህርቶች ይደርሳቸዋል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ (ውሃ ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው በሽታ) አለ። ተማሪ ገብቶ እንዳይቀዳ፤ ጓንትና ቦቲ ያደረገ አዋቂ ይቅዳ፣ ትሉ እንዲሞትም ውሃው ተከድኖ ሁለት ቀን ይቆይ። ሲቆይ ጭቃው ስለሚዘቅጥ ከማከፋፈልዎ በፊት ያማስሉት፣ አለበለዚያ ገና ሳይጠለል ጠርቶ ያገኙታል። የጠራው ውሃ እንደማይጠጣም አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ማጥለያው ጀርም አይገድልም፣ ለመጠጥ መፍላት አለበት።

ጠመኔ፦
አመሰግናለሁ። ሞክሬው ጥቁር ውሃ ወጣ፤ ጥጡ አነሰ ይሆን?

የላብ ቁልፍ፦
የከሰል ብናኝ ነው። ከሰሉን ፈጭተው ያጥቡት፣ አሸዋውንም እጣቢው እስኪጠራ ድረስ። መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ብርጭቆ ያህል ይድፉት። ከዚያም ካልጠራ ጥጡን እጥፍ ያድርጉት፤ ጠቅጥቀው ግን አይሙሉት፣ ደወሉ እስኪደወል ጠብ አይልም።