የወንጀል ፊልም መክፈቻ፦ ከቀረጻ በፊት ምን ይጠና?

ጥያቄ፦ ለክፍል ፕሮጀክት የ2 ደቂቃ የወንጀል ፊልም መክፈቻ ልንሠራ ነው። መርማሪ ሬሳ ያለበት ክፍል ሲገባ ይጀምራል፤ የተዋንያን ስምም በላዩ ይወጣል። ከየት እንጀምር?

መልስ 1፦ ከስክሪፕቱ። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚሆን ከ2 ገጽ ካለፈ ቀንሱ። ስም የሚወጣባቸውን ሾቶች (ሳይቋረጡ የሚቀረጹ ቁርጥራጮች) ስቶሪቦርዱ (ትዕይንቱ በተከታታይ ሥዕል የሚታቀድበት ወረቀት) ላይ አሁኑኑ ለዩ፤ የፍሬሙ (የምስሉ ክፈፍ) አንድ ጎን ባዶ ካልተተወ ጽሑፉ ተዋናዩ ፊት ላይ ያርፋል።

መልስ 2፦ ተማሪዎች አብዝተው የሚስቱት የምርመራውን ሥርዓት ነው። መርማሪው ገብቶ ቢላዋውን ያለ ጓንት ያነሳል! በእውነቱ ቦታው ይታጠራል፣ የሚገባና የሚወጣው ይመዘገባል፣ ዕቃ ከመነካቱ በፊት ቁጥርና ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል። ይህን ብቻ በቅርብ ሾት ብታሳዩ መክፈቻው ግማሹ አለቀ። ደሙንም አስቡበት፤ ሰዓታት ያለፈው ደም ወደ ቡናማ ያደላል። ወፍራም ሽሮፕ ላይ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ፣ ከዚያ ለማጥቆር ትንሽ ካካዎ። እድፉ በቀላሉ ስለማይለቅ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሁለት ያዙ።

መልስ 3፦ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል) ከቀረጻችሁ የካሜራው ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ይሁን። የባዶ ክፍሉን ድምፅ 30 ሴኮንድ ቅዱ፤ አለዚያ ኤዲቲንግ ላይ ሾት በተቀየረ ቁጥር ድምፁ ይዘላል።

ጠያቂ፦ የአሻንጉሊት ሽጉጥስ?

መልስ 2፦ ደጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ለፖሊስ አሳውቁ፣ በቀረጻዎች መሃልም ሽጉጡን ሸፍናችሁ ያዙት። ለዚህ ትዕይንት ግን ቢላዋው ይበቃል።