ከአዳማ ሐዋሳ፦ በፈጣን መንገዱ ወይስ በሐይቆቹ ዳር?

ጠያቂ (ቪትዝ ነጂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ልንወጣ ነው። መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ አራት ሰው ነን። እናቴም አብራን ትሄዳለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት መንገጫገጭ አትችልም። ሞጆ ላይ ገብተን እስከ ባቱ በፈጣን መንገዱ መሄድ እንችላለን፤ የምንወጣው ግን ሐይቅ ለማየት ነው። አሮጌው መንገድ ይሻለናል? ከመኪና ሳይወረድ የሚታየው የትኛው ነው? ለየትኛውስ መገንጠል ያስፈልጋል? ጎማ ላይም ምክር ካላችሁ።

ዶልፊን 14
ሁለቱንም ተጠቀሙ፤ እስከ ባቱ በፈጣኑ፣ ከባቱ በኋላ በአሮጌው። ከሞጆ ባቱ ባለው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ አሮጌውም ቢሆን ሐይቅ ዳር ለዳር አይሄድም። ቆቃ ከርቀት ይታያል፣ ዝዋይ ደግሞ ከባቱ ከተማ ጀርባ ነው ያለው። በዚያ ላይ ዓለም ጤናና መቂ ውስጥ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ አለ። ጉልበት የሚያማት እናት የምትጎዳው እዚያ ነው፤ በየደቂቃው ፍሬን፣ በየደቂቃው መነሳት።

ባቱ ስትገቡ ወደ ጀልባ መነሻው ታጠፉ። ጠዋት ዓሣ ሲጸዳ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው አጠገብ ድረስ ይመጣሉ፤ እናት ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይችላሉ። ቁርስ ቆሮሶ ጥብስ እዚያው ብሉ።

ከአዳሚ ቱሉና ቡልቡላ በኋላ ወደ ደቡብ ስትሄዱ በግራ ላንጋኖ፣ በቀኝ አቢጃታና ሻላ ናቸው። ዓይናችሁን ክፍት የምታደርጉት እዚህ ላይ ነው።

ዳር ዳር
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ሲቀር። ቆቃን እንዲህ አቅልሎ ማለፍ ልክ አይደለም። አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ አሮጌው መንገድ ላይ ድልድዩን ስትሻገሩ አካባቢውን ታያላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ሲመለሱ በዚያ በኩል አድርጉት፤ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲምም ይገዛል።

አሁን ስለ መገንጠያዎቹ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ላንጋኖ፦ ከአስፋልቱ ወደ ዳርቻው የሚወስዱት መንገዶች አፈር ናቸው። በበጋ ለቪትዝ ይሆናሉ፣ ግን አፈሩ እንደ ዱቄት የላመ ነው። መሀል ላይ ፍጥነት ቀንሳችሁ እንደገና ነዳጅ ብትረግጡ ጎማው ይቆፍራል። በ2ኛ ማርሽ ሳትቆሙ እለፉ፤ ከተያዛችሁ የፊት ጎማዎቹን ንፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አውርዱና ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ውጡ። ዝናብ የጣለ ቀን ከአስፋልት አትውረዱ። የውሃው ቡናማ ቀለም ደቃቅ ደለል ነው፣ ቆሻሻ አይደለም። ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ የሚዋኝበትም እሱ ነው። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ግን እግር እንኳ አትንከሩ፤ ጉማሬም አለ።

አቢጃታ፦ እባካችሁ ወደ ነጩ ሜዳ በመኪና አትግቡ! ውሃው ሸሽቷል። ገባሩ ቡልቡላ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ (ለፋብሪካ የሚሆን የሶዳ ዱቄት) ማምረቻ ውሃ ተስቧል። ስለዚህ አሮጌ ካርታ ላይ ሰማያዊ የተቀባው ቦታ ዛሬ ቅርፊት የያዘ ጭቃ ነው። ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን እስከ አክስል ይውጣል፤ የሚጎትት መኪና ራሱ ይሰምጣል። ሣሩ ካለቀበት ቁሙ።

ሻላን ከላይ አሻግሮ ማየት ይበቃችኋል። 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊነቱ ከሩቅ ይለያል። ወደ ፍል ውሃው የሚወርደውን መንገድ ለቪትዝ አልመክርም።

ጎሚስታው
ጎማ ላይ። ንፋሱን ጠዋት ሳትነዱ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ አስለኩ። የሹፌሩ በር ሲከፈት የተለጠፈው ቁጥር ላይ አድርጉ፤ አራት ሰውና ሻንጣ ስለሆነ 2 ፒኤስአይ ብትጨምሩ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ስትለኩ 4 ወይም 5 ጨምሮ ብታገኙት ሙቀቱ ነው፣ አታስተንፍሱት። ፈጣን መንገድ ላይ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ንፋሱ ያነሰው ጎማ ነው፤ ጎኑ እየታጠፈ ስለሚግል። ቆላው ደግሞ አያግዘውም።

ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር እዩ። 1519 ቢል በፈረንጆቹ 2019፣ 15ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ቢያምርም በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አልነዳበትም።

ስኮርታውንም አስለኩ፤ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚገኘው እሱ ነው። ክሪኩ ሥር የምታደርጉት ጣውላ ያዙ፣ አለበለዚያ በላመው አፈር ክሪኩ ራሱ ይሰጥማል። አሮጌው መንገድ ላይ ጎማችሁ ከአስፋልቱ ጠርዝ ቢወርድ መሪውን በድንገት አትመልሱ። ነዳጁን ልቀቁ፣ ፍጥነት ሲቀንስ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ቸርኬ የሚጣመመውም መኪና የሚገለበጠውም በችኮላ ሲመለስ ነው።

ጠያቂ (ቪትዝ ነጂ)
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰዓቱን እንዴት እናድርገው?

የሐዋሳ ልጅ
ከአዳማ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ፤ ባቱን በጠዋቱ ታገኙታላችሁ። ላንጋኖ ላይ ከሰዓት ንፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ይበረታል። ለመዋኘት ጠዋቱ፣ ከምዕራቡ ዳርቻ ፎቶ ለማንሣት ግን ፀሐይ ከጀርባችሁ የምትሆንበት ከሰዓቱ ይሻላል። እኔ ብሆን ለእናት ስል ጠዋቱን እመርጣለሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ በመስመሩ የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቁ። ይህን አትዝለሉት። ከጨለማ በኋላም አትንዱ፤ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት አስፋልቱ ላይ ነው። ነዳጅ በስልክ ስለሚከፈል ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው፣ ግማሽ ሲደርስም ሙሉ፤ ሰልፍ ያለበት ማደያ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ሻሸመኔ መሀል ከተማው ይጨናነቃል፣ ትዕግሥት ያዙ። ከዚያ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ 10 ሰዓት ከደረሳችሁ የከተማው መግቢያ የሆነውን ጥቁር ውሃን አልፋችሁ ቀጥታ ወደ ፍቅር ሐይቅ፣ ማለትም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር መዝናኛው ውረዱ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው። የእግረኛ መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ለእናት ጉልበት አይከብድም። የዓሣ ገበያውን አሞራ ገደልን ለእሁድ ጠዋት አቆዩት፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ የሚመለሱት በማለዳ ነው።